ክፍልፋይን የሚያለማምዱ መተግበሪያዎች እንዴት ይመረጡ?

ክፍልፋይን የሚማር ሕፃን የሚቸገረው የለመደው የቁጥር ሥርዓት የተገለበጠ ስለሚመስለው ነው። 4 ከ3 እንደሚበልጥ ሲማር ቆይቶ 1/4 ከ1/3 ያንሳል ይባላል። ላዕሉንና ታሕቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ስለሚመለከታቸው 1/2 እና 1/3 ደምር ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/5 ብሎ ይጽፋል። 2/5 ከግማሽ ያንሳል። በግማሽ ላይ ተጨምሮ ከግማሽ ያነሰ መልስ መምጣቱ ግን ሕፃኑን አያስደንቀውም፤ 2/5 ለእርሱ ገና መጠን አልሆነምና። ይህ ሳይስተካከል ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፍ አስርዮሽም፣ መቶኛም፣ አልጀብራም ይከብዱታል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽም ሆነ በቤተ መጻሕፍት የጥናት ድጋፍ ሲያዘጋጁ፣ በታብሌቶቹ ላይ የሚጫነውን መተግበሪያ አስቀድመው ሊመረምሩ ይገባል። ምርመራው ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከኮሚቴው አንዱ መተግበሪያውን ከፍቶ ሆን ብሎ ይሳሳት፤ ለ1/2 + 1/3 መልሱ 2/5 ነው ብሎ ያስገባ። ቀይ ምልክት አሳይቶ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ የሚያልፍ ከሆነ ከወረቀት ፈተና አይሻልም። የሚጠቅመው፣ ሁለት እኩል አራት ማዕዘኖችን በስድስት በስድስት ከፍሎ ግማሹ 3/6፣ ሲሶው 2/6፣ ድምሩም 5/6 መሆኑን በዓይን የሚያሳይ ነው። ሕፃኑ የጻፈው 2/5 በቁጥር መስመር ላይ ከግማሽ በስተግራ ማረፉን ካየ ስሕተቱን ራሱ ይደርስበታል።

ክብ ሥዕልን ብቻ የሚጠቀሙም አሉ። ክቡ ለጅማሬ መልካም ነው፤ ሆኖም ክፍልፋይ ሁልጊዜ የአንድ ነገር ቁራሽ ብቻ የሆነ ስለሚመስል 5/4 ሲመጣ ሕፃኑ ግራ ይጋባል። የቁጥር መስመር ግን ከ1 አልፎ ይሄዳል። ከአራት አማራጮች አንዱን የሚያስመርጥ መልመጃም ምንም የማያውቀው ሕፃን በአማካይ ከአራት ጊዜ አንዱን እንዲያገኝ ያደርገዋል። በሰዓት የሚያጣድፉትንና ኮከብ የሚያዘንቡትን እኔ አልመርጣቸውም፤ ግምትን ያስለምዳሉ።

በነፃ ከሚገኙት ሁለቱን መጥቀስ ይቻላል። ፌት የተሰኘው፣ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ነው። በክፍልፋይ መግቢያው ላይ ሕፃኑ ላዕሉንና ታሕቱን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ክቡ፣ አራት ማዕዘኑ ወይም የቁጥር መስመሩ አብሮ ይለወጣል። አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለተኛው ኮሊብሪ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫንና በአዳራሹ ያሉ ታብሌቶች በውስጥ ዋይፋይ ይገናኙታል፤ የካን አካዳሚ መልመጃዎች ይገኙበታል፤ አስጠኚውም የትኛው ልጅ የት ላይ እንደተቸገረ ያይበታል። መረቡ በሚቆራረጥባቸው አጥቢያዎች ይህኛው ይመረጣል።

አስጠኚው ከእንግሊዝኛ መልመጃዎች ጋር የአገሩን ቃል ያጣምር። የእኩል የሚያርስ ገበሬ ልጅ ግማሽን፣ ሲሶን፣ ሩብን በጆሮው ያውቃቸዋል። ካህናት አባቶችም ከባሕረ ሐሳብ ሊያግዙ ይችላሉ። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ ጥቃቅኑን ካልዒት ትተን፣ በየዓመቱ ከ365 ዕለታት የሚተርፈው 15 ኬክሮስ 15/60፣ ማለትም የዕለት ሩብ ነው። አራቱ ሩብ ተደምሮ አንድ ዕለት ሲሞላ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ይህን ምሳሌ ከመተግበሪያው ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ለሁለት ልጆች አንድ ታብሌት ይበቃል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ምክንያቱን ይጠይቃል። እርሳስና ወረቀት አጠገባቸው ይኑር። ታብሌት ያላገኘ አጥቢያም እኩል ርዝመት ያላቸውን ሦስት የወረቀት ቁራጮች አዘጋጅቶ አንዱን በሁለት፣ አንዱን በሦስት፣ አንዱን በስድስት ማጠፍ ይችላል። ቁራጮቹ አንዱ ከሌላው ሥር ሲደረደሩ የግማሹ እጥፋት ከሦስተኛው ስድስተኛ፣ የሲሶውም ከሁለተኛው ጋር ሲገጥም ይታያል።