አስቤስቶስ ስለሚባለው የጣራ ክዳንና በማፍረስ ሥራ ስለሚነገሩት ቃላት

በናይሮቢ ከተማ፣ በቅኝ ግዛት ዘመንም ሆነ ኬንያ በ1963 ዓ.ም. (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ከተሠሩት የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያዎችና ትምህርት ቤቶች አያሌዎቹ ግራጫ መልክ ያለው ወፍራም ክዳን ለብሰዋል። ያገራችን ሰው ጣራ የለበሰውን ኹሉ ቆርቆሮ ይለዋል። ይህ ግን ቆርቆሮ አይደለም፤ ሲሚንቶ ከአስቤስቶስ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነው። አሁን ኢስሊን በመሳሰሉት ሰፈሮች አሮጌው ቤት እየፈረሰ በፎቅ ስለሚተካ፣ ስሙን ለይቶ ማወቅ ለሠራተኛውም ለጎረቤቱም የጤና ጉዳይ ሆኗል።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ሲሆን፣ እንደ ቃጫ እየተሰነጠቀ እጅግ ወደ ቀጠነ ክር ይለወጣል። ስለዚህ ክሩን «ቃጫ» ማለት ይገባል፤ «አቧራ» ያልነው እንደ ሆነ ሰው ዓይኑን አብሶ ያልፈዋል። በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ቃጫ አይታይም፣ አይሸትም፣ ወዲያውም አያስልም። ሳንባን የሚያጠነክረው አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ካንሰርና የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማ የሚገለጡት አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ነጭ፣ ቡናማና ሰማያዊ የሚባሉ ዓይነቶች አሉ። ነጩ አይጎዳም የሚሉ ነጋዴዎች ቢኖሩም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ኹሉም ካንሰር ያመጣሉ ይላል።

ከቃላቱ ኹሉ ይልቅ የሚያሳስተው «የማይፈረፈር» የሚለው ነው። በእጅ ሲጨምቁት የሚደቅቀው፣ ለምሳሌ የሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚጠቀለልበት፣ «የሚፈረፈር» ይባላል። የጣራው ክዳን ግን ቃጫው በሲሚንቶ ስለ ተያዘ «የማይፈረፈር» ተብሎ ይመዘገባል። ይህን የሰማ ተቋራጭ «እንግዲያው አይጎዳም» ብሎ መዶሻውን ያነሣል። ቃሉ ግን የሚናገረው ክዳኑ ሳይነካ ስላለበት ሁኔታ ብቻ ነው። በመጋዝ የተቈረጠ፣ የተበሳ፣ ከጣራ ወደ መሬት የተወረወረ፣ ወይም በዝናብና በፀሐይ ብዛት ላዩ የተበላ ክዳን ቃጫውን ይለቃል። ደግሞም ክዳኑ ሲያረጅ ስለሚሰባበር የሰው ክብደት አይችልም፤ ላዩ ላይ የሚራመድ ሰው ወደ ውስጥ ይወድቃል።

«ማሸግ» ክዳኑን ሳያነሡ ቃጫውን በሚይዝ ቀለም መቀባት ነው፤ «መከለል» በሌላ ነገር ጋርዶ መተው ነው፤ «ማንሣት» ግን ሚስማሩን ነቅሎ ክዳኑን እንዳለ ማውረድ እንጂ መሰባበር አይደለም። «ማርጠብ» ማለት ውሃን በቀስታ መርጨት ነው፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊት ቃጫውን ይበትነዋል፣ ደረቅ መጥረጊያም እንዲሁ። «የመተንፈሻ መሸፈኛ» ሲባል ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የተባለውን የመሰለ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማለት ነው፤ የአፍ ጨርቅ አይተካውም፣ ጢም ላለው ሰውም በትክክል አይገጥምም። የሥራ ልብስም ወደ ቤት አይወሰድም። በሌሎች አገሮች ባሎቻቸው ከፋብሪካ ያመጡትን ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች በዚሁ በሽታ ሞተዋልና።

በኬንያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቆሻሻ አያያዝ ደንብ አስቤስቶስን ከአደገኛ ቆሻሻ መድቦታል። ሥራውንም የሚቈጣጠረው ኔማ የተባለው ብሔራዊ የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የማፍረስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ክዳኑን ማስመርመር አለበት። ያለ አስቤስቶስ የተሠራው አዲሱ ክዳን አሮጌውን ስለሚመስል፣ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የተነሣው ክዳን በወፍራም ፕላስቲክ ኹለት ጊዜ ተጠቅልሎ፣ ምልክት ተጽፎበት፣ ፈቃድ ባለው አጓጓዥ ወደ ተወሰነለት ቦታ ሄዶ ይቀበራል። ከተራ ፍርስራሽ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ወደ ዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ መላክ የለበትም፤ በዚያ ቆሻሻውን እያገላበጡ የሚለቅሙና የሚሸጡ ሰዎች አሉ።