ነዶውን መፍታት

52 ሲቀነስ 27። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ 35 ብላ ጻፈች እንበል። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አድርጎ ወደ ሌላው ደብተር ያልፋል። የደብተር ክምር ከፊቱ ተቆልሎ የሚጠብቀው ሰው ቢቸኩል አይፈረድበትም። ልጅቷ ግን በግምት አልጻፈችም። ከ2 ላይ 7 መቀነስ ሲያቅታት ገልብጣ ከ7 ላይ 2 ቀነሰች፤ 5 አገኘች። ከዚያ ከ5 ላይ 2 ቀንሳ 3 ጻፈች። «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» የተባለችውን አክብራ ነው የተሳሳተችው። ስህተቷ ሥርዓት አለው። ይህን ሥርዓት የሚያገኘው ደግሞ «እንዴት አገኘሽው?» ብሎ የጠየቀ መምህር ብቻ ነው።

የጀማሪ ክፍል ሒሳብ ማስተማርን መማር ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል። ቀመሩን ማወቅ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የልጅን ሐሳብ ማንበብና ልጁ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ቀመሩ ማድረስ ነው።

በተለመደው አካሄድ መምህሩ «ከ5 አንድ እንበደር» ይላል። ቃሉ ልጅን ግራ ያጋባል፤ ብድር ይመለሳልና። መቼ ተመለሰ? ደግሞስ አንድ ተበድረን እንዴት አሥር አገኘን? ሩዝ በሚመረትበት በፎገራ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል በእጁ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ታጭዶ ሲታሰር፣ ነዶው ሲከመር ያያል፤ ብዙ ጊዜም ያግዛል።

እንግዲህ ክፍል ውስጥ ሰበዝ እናስገባ። አሥር ሰበዝ ሲታሰር አንድ ነዶ፣ አሥር ነዶ ሲሰበሰብ አንድ ክምር ይሁን። 52 ማለት አምስት ነዶና ሁለት ልቅ ሰበዝ ነው። ከዚህ ላይ 27 ስጪኝ ስንላት ልጅቷ ሰባት ልቅ ሰበዝ ትፈልጋለች፤ ያላት ሁለት ነው። ምን ታድርግ? ማንም ሳይነግራት አንድ ነዶ ትፈታለች። አሁን አራት ነዶና አሥራ ሁለት ሰበዝ አላት። ሰባቱን ሰበዝ፣ ከዚያ ሁለቱን ነዶ ታነሣለች፤ ሁለት ነዶና አምስት ሰበዝ ይቀራታል፤ 25። የተበደረችው የለም፤ የራሷን ነዶ ፈታች እንጂ።

ቋንቋችንም ያግዛል። «አሥራ ሦስት» የሚለው ቃል አሥሩንና ሦስቱን ለይቶ ያሰማል። አርባ ውስጥ አራት፣ ሰባ ውስጥ ሰባት ይሰማል። ሃያ ግን ከሁለት ጋር በድምፅ አይገናኝም፤ ስለዚህ ጀማሪዎችን ለጊዜው «ሁለት አሥር» እያስባሉ መጀመር ይጠቅማል። መቶ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ልጆች መቶ አምስትን 1005 ብለው ይጽፋሉ። የሰሙትን ነው የጻፉት፤ መቶ፣ ከዚያ አምስት። የግዕዝ ቁጥርም ዜሮ ስለሌለው ፻፭ ብሎ እንዲሁ እንደ አነጋገሩ ይጽፈዋል። ልጁ ያላወቀው በ105 መካከል ያለው ዜሮ «ልቅ ነዶ የለም» ማለት መሆኑን ነው። አንድ ክምር፣ ባዶ የነዶ ቦታ፣ አምስት ሰበዝ ደርድሮ ሲያይ ዜሮው ትርጉም ያገኛል።

ልጆች ከትምህርት ቤት ውጪ የሚያውቁት ሒሳብ ምን ያህል እንደሆነ በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመው በዚህ ጥናት፣ ገበያ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆች በሥራቸው መካከል ከተጠየቁት ሒሳብ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ሒሳብ በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው 37 በመቶ ብቻ አገኙ። ልጆቹ አንድ ናቸው፤ የተለየው አቀራረቡ ነው። በዚያው በፎገራ፣ ወረታ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሸጦ መልስ የሚሰጥ ልጅ ክፍል ሲገባ «ሒሳብ አይገባውም» ከተባለ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው የእኛው አጠያየቅ ነው።

ሰበዙ ግን መሰላል እንጂ መኖሪያ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ብሩነር ልጅ ዕውቀትን በሦስት መንገድ እንደሚይዝ አስተምሯል፤ በድርጊት፣ በሥዕል፣ በምልክት። ዛሬ ነዶ የፈታች ልጅ ነገ ነዶውን በመስመር፣ ሰበዙን በነጥብ ትሥላለች። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ብቻ ትጽፋለች። ከሰበዝ በቀጥታ ወደ ቁጥር መዝለል፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ሰበዝ ሲቆጥሩ መክረም፣ ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

አካቶ ትምህርት የምንለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማየት የተሳነው ልጅ ነዶውን በጣቱ ዳስሶ ይቆጥራል። ሰሌዳው ከኋላ ወንበር የማይታያት ልጅ ሒሳቡን እፊቷ ታገኘዋለች። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ዘግይቶ የመጣ፣ ወይም አጨዳ ላይ የሰነበተ ልጅ ካቆመበት ይነሣል። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሠሩ፣ እጇን የማታወጣ ዓይን አፋር ልጅ ለጓደኛዋ ታስረዳለች፤ መምህሩም በመካከላቸው እየተዘዋወረ ይሰማል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣ ወጪ የለም።

መምህሩ ይህን ከየት ይማር? መልሱ እዚያው ወረታ አለ። የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ በሆነችው በዚህች ከተማ፣ ገበሬ አዲስ ዘር የሚያምነው ሠርቶ ማሳያ ላይ በዓይኑ ሲያየው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። መምህር ግን ብዙ ጊዜ በገለጻ ብቻ ይሠለጥናል፤ ስለ አሳታፊ ዘዴ ሳይሳተፍ ይማራል። በጃፓን መምህራን አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ቁጭ ብለው የልጆቹን ሥራ ይመለከታሉ፤ ከዚያ ትምህርቱን አብረው ይመረምሩታል። ደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ ዕጩ መምህራንም ሆኑ ፎገራ ውስጥ ያሉ ነባሮቹ፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ቢያደርጉ የራሳቸው ሠርቶ ማሳያ ይኖራቸዋል።

መምህር ሆይ፣ ነገ ደብተር ሲያርሙ ከተሳሳቱት አንዱን ብቻ ይምረጡ። ኤክስ ከማድረግዎ በፊት ልጁን አስጠርተው «እንዴት አገኘኸው?» ይበሉት፤ እስኪጨርስም ይስሙት። የሚቀጥለውን ቀን ትምህርት ምን ላይ መጀመር እንዳለብዎ የሚነግርዎ እሱ ነው።