የማላካ ባባና ኞኛ

በማሌዥያ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው ማላካ በ15ኛው መቶ ዘመን የማላይ ሱልጣኖች መናገሻና የቅመም ንግድ መናኸሪያ ነበረች። ከደቡብ ቻይና፣ በተለይም ከፉጂያን የሚነሡ ነጋዴዎች በሰሜን ምሥራቁ ነፋስ እየተነዱ ይመጡና የመመለሻው ነፋስ እስኪነፍስ ለወራት ይቆዩ ነበር። የቻይና ሴቶች በዚያን ጊዜ ባሕር የሚሻገሩት ከስንት አንዴ ስለነበር፣ በዚያው የቀሩት ወንዶች የአገሬውን ሴቶች አገቡ። ዘሮቻቸው «ፔራናካን» ተባሉ፤ ቃሉ ልጅ ማለት ከሆነው «አናክ» ከሚለው የማላይ ቃል የወጣ ነው። ወንዱ «ባባ»፣ ሴቷ «ኞኛ» ትባላለች።

መዋሐዱ የተጀመረው ከጓዳ ነው። ልጆቹ አፋቸውን የፈቱት በእናታቸው ቋንቋ ስለሆነ የቤቱ መግባቢያ ማላይኛ ሆነ፤ «እኔ» ለማለት «ጓ»፣ «አንተ» ለማለት «ሉ» ማለታቸው ግን ከአባቶቻቸው ቋንቋ ከሆክየንኛ የቀረ ነው። ኞኛዎች ሳሮንግ አገለደሙ፣ ከባያ የተባለውን ስስ ሸሚዝ ለበሱ፤ ምግብም በእጅ ይበላ ነበር።

የወጡ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስመ ጥሩ የሆነው «ቡዋ ከሉዋክ» ጥሬው መርዝ የሆነ የዛፍ ፍሬ ነው። ተቀቅሎ በአመድ ውስጥ ለሳምንታት ይቀበራል፤ ከዚያ በውኃ ተዘፍዝፎ አናቱ ይፈነከታል። ጥቁሩ ውስጡ ወጥቶ በሙቀጫ ይወቀጥና ተመልሶ ቅርፊቱ ውስጥ ይሞላል፤ በመጨረሻም ከዶሮ ጋር ይሠራል።

ሃይማኖቱና የዘር ሐረጉ ግን በአባት በኩል ጸና። ባባዎች የቤተሰብ ስማቸውን ጠበቁ፣ ለሙታን አያቶቻቸው ዕጣን አጤሱ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በተመሠረተው የቼንግ ሁን ቴንግ ቤተ መቅደስ ሰገዱ። ሙስሊም ማግባት እስልምናን መቀበል ስለሚጠይቅ፣ የኋላ ኋላ እርስ በርሳቸው መጋባትን መረጡ።

እንግሊዞች በ1824 ማላካን ሲይዙ ማላይኛ የሚያውቁትና ቶሎ እንግሊዝኛ የተማሩት ባባዎች በንግዱ መሐል ደላላ ሆነው በለጸጉ። ለቆርቆሮ ማዕድን ሥራ በብዛት የገቡት አዲስ ቻይናውያን «ሲንኬ»፣ ማለትም አዲስ እንግዳ ይባሉ ነበር። ሀብታም ባባ ታታሪውን ሲንኬ ለሴት ልጁ ይመርጥና ሙሽራው ወደ ሙሽሪት ቤት ይገባ ነበር፤ የቤቱ ልማድ በእናት በኩል ለመቀጠሉ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የጃፓን ወረራ የብዙዎቹን ሀብት አራቆተ፤ ከነጻነት በኋላም ወጣቶቹ ወደ እንግሊዝኛና ማንዳሪን በማዘንበላቸው የቤታቸው ማላይኛ ተመናመነ። በሌላ በኩል በ2024 ዩኔስኮ ከባያን በቅርስነት ሲመዘግብ ያቀረቡት ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖር፣ ብሩናይና ታይላንድ በጋራ ነበሩ።