የመሬት ደብተሩ ለእማወራዎች ምን ለወጠ?

በአማራ ክልል ገጠሮች ሴት ሞፈር ጨብጣ ማረሷ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች እማወራ መሬት ቢኖራትም፣ በሬና የሚያርስ ጉልበት ከሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ይህም ከስጋት ነጻ አልነበረም። መሬቱን ዓመት ከዓመት የሚያርሰው ሰው “የእኔ ነው” ቢል በእጇ የምታሳየው ማስረጃ አልነበራትም። በ1989 ዓ.ም የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም የይዞታ ስጋትን አባብሶት ነበር።

በክልሉ የተካሄዱ ጥናቶች ጉዳዩን ከምርት ጋር አያይዘው መርምረውታል። በእኩል የተሰጠ የሴቶች መሬት የሚሰጠው ምርት ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ምክንያት አራሹ ብዙ ጊዜ የባል ዘመድ መሆኑ ነው። በደንብ ባያርስም እንኳ እማወራዋ እርሱን አስወጥታ ሌላ አራሽ ለመተካት ትቸገራለች።

ክልሉ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለዚህ ችግር አንድ ምላሽ ሆኗል። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍራል። በ1997 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456ም የጋራ ይዞታ በባለይዞታዎቹ ሁሉ ስም እንዲመዘገብ ደንግጓል።

ተመራማሪዎች የደብተሩን ውጤት ለመለካት ቀድመው ደብተር ያገኙ ቀበሌዎችን ገና ካላገኙት ጋር አነጻጽረዋል። በምሥራቅ ጎጃም በተደረገው ጥናት ደብተር ያገኙ አርሶ አደሮች የሽግሽግ ስጋታቸው ቀንሷል፤ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ የሚያፈሱት ጉልበትም ጨምሯል። ምሥራቅ ጎጃምንና ደቡብ ወሎን ያካተተ ሌላ ጥናት ደግሞ ደብተሩ ያስገኘው የምርታማነት ጥቅም በእማወራዎች ዘንድ ከአባወራዎች የላቀ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ ስጋቱ የሚከፋው በእነርሱ ላይ ነበርና።

ይሁንና ደብተር በሬ አይሆንም። በሬ የሌላት እማወራ ዛሬም የምርቷን ግማሽ ለአራሹ ታካፍላለች። መሬት የሌላቸው ወጣቶችም ከደብተሩ የሚያገኙት ጥቅም የለም። ጥናቶቹ አንዱን ክፍተት ሲያጠቡ ሌላው ገና ክፍት መሆኑንም ያመለክታሉ።

ስለሆነም ባለትዳሮች የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ፣ መሬት የሚያከራዩም ውላቸውን በጽሑፍ አድርገው በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይጠቅማቸዋል።