ያውቁ ኖሯል? ሾት በሾት የተገለበጠው «ሳይኮ»

እ.ኤ.አ. በ1998 ገስ ቫን ሳንት የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» ከሞላ ጎደል ሾት በሾት፣ ንግግሩንም ቃል በቃል ገልብጦ እንደገና ሠርቶታል። ያውቁ ኖሯል? ቀረጻው ላይ የድሮው ፊልም በዲቪዲ ይከፈትና ካሜራው የት እንደሚቆም ከእሱ ይታይ ነበር። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ጆሴፍ ስቴፋኖም በሁለቱም ፊልሞች ላይ ስሙ ሰፍሯል።

ይህን ማን ፈቀደ? ቫን ሳንት ሐሳቡን ቀደም ብሎ ሲያቀርብ ሰሚ አላገኘም ነበር። እሱ የሠራው «ጉድ ዊል ሃንቲንግ» ለ9 ኦስካር ሲታጭ ግን ስቱዲዮው እሺ አለው።

የ1960ው «ሳይኮ» የፈጀው 800 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ፓራማውንት ታሪኩን ስላልወደደው ሂችኮክ በራሱ ኩባንያ፣ በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ሠራተኞች፣ በጥቁርና ነጭ ሠራው። ደመወዙን ትቶ የፊልሙን 60 በመቶ ድርሻ ወሰደ፤ ከበረበትም። ግልባጩስ? 60 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣበት ይነገራል፤ ከመላው ዓለም ያስገባው 37 ሚሊዮን ገደማ ነው።

የታሪኩ ዋና ሴት ማሪዮን ከመሥሪያ ቤቷ ይዛ የጠፋችው ገንዘብ በ1960 40,000 ዶላር ነበር። በ1998 ወደ 400,000 አደገ። የኑሮ ውድነት ሌባንም አይምርም።

በ1960ው ፊልም ማሪዮን ሞቴል ስታርፍ የሚፈጸምባት የመታጠቢያ ቤት ግድያ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ቢሆንም ቀረጻው 7 ቀን ወስዷል። ደም ሆኖ የፈሰሰው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ የቢላው ድምፅ የተገኘው ደግሞ ሜሎን በመውጋት ነው። ገዳዩን የሞቴል ባለቤት ኖርማንን የሚጫወተው አንተኒ ፐርኪንስ በቦታው አልነበረም፤ ኒውዮርክ የቲያትር ልምምድ ላይ ነበር። ከመጋረጃው በስተጀርባ ቢላ ያነሳችው ምትክ ተዋናይት ናት።

ሂችኮክ ለዚያ ትዕይንት ሙዚቃ አልፈለገም ነበር። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ሄርማን እምቢ ብሎ ጻፈለት፤ ሂችኮክም ሰምቶ ሐሳቡን ቀየረ። የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ባለአውታር ብቻ ናቸው፤ ከበሮም ነጋሪትም የለም። ዳኒ ኤልፍማን ለግልባጩ ያንኑ ሙዚቃ አዘጋጀ።

እንግዲህ ንግግሩ ያው፣ ሙዚቃው ያው፣ የካሜራው ቦታ ያው። ታዲያ ፍርሃቱ የት ሄደ? በ1960 ተመልካቹ የፊልሙ ኮከብ ማሪዮንን የምትጫወተው ጃኔት ሊ ናት ብሎ ቲኬት ቆርጦ ገባ፤ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ኮከቧ ሞተች። ከዚያ በኋላ ማንን እንደሚከተል፣ ለማን እንደሚሰጋ አያውቅም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ለዚህ ሲል ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን አስገድዶ ነበር። በ1998 ግን ሲኒማ የገባ ሰው አዲሷ ማሪዮን አን ሄሽ ገላዋን ስትታጠብ እንደምትገደል ቤቱ ሳለ ያውቃል። ካሜራን መገልበጥ ይቻላል፤ ያልሰማ ተመልካች ከየት ይመጣል?

የተዋናይ ምርጫውም አልረዳም። ፐርኪንስ ቀጭንና ዓይናፋር ስለሆነ እንግዳዋ ታዝንለታለች። የግልባጩ ኖርማን ቪንስ ቮን ግን ቁመቱም ትከሻውም ግዙፍ ነው፤ ገና ሲስቅ ያጠራጥራል። እኔ ብሆን የክፍሉን ቁልፍ ሳልቀበል ወደ መኪናዬ እመለስ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ቫን ሳንት ከራሱ የጨመረው ነው። መርማሪው አርቦጋስት ሲገደል በመሃል አንዲት ላም መንገድ ላይ ቆማ ብልጭ ትላለች። ለምን? ፊልሙ አይነግረንም።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ተሳክቶለታል። ሂችኮክ ከፊኒክስ ከተማ ሰማይ ተነስቶ ሳይቆርጥ በሆቴል መስኮት የሚገባ ሾት ፈልጎ ነበር፤ የዘመኑ መሣሪያ አልፈቀደለትም። ቫን ሳንት በሄሊኮፕተር ሠራው።

ሂችኮክ ራሱስ ድጋሚ ሠርቶ ያውቃል? አዎ፤ የ1934ቱን «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ መች» በ1956 እንደገና ሠርቶታል። ግን አልገለበጠውም፤ ታሪኩን ከስዊዘርላንድ ወደ ሞሮኮ ወሰደ፣ ርዝመቱንም ጨመረ።

በ1998 መጀመሪያ ለምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ታጭቶ የነበረው ቫን ሳንት በቀጣዩ ዓመት የመጥፎ ፊልሞች ሽልማት በሆነው በጎልደን ራዝቤሪ የዓመቱ መጥፎ ዳይሬክተር ተባለ። የመጥፎ ድጋሚ ሥራ «ሽልማት» ግን ለብቻው አልደረሰውም፤ ከ«ጎድዚላ» እና ከ«ዘ አቬንጀርስ» ጋር ለሦስት ተካፈለው።