የአንደኛ ዓመት ተማሪዋ ከፍታና ዝቅታ

ሐምሌ ሲገባ የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችን ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ቤቱ ይጸዳል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ጎረቤትም "እንኳን ደህና መጣሽ" ለማለት ብቅ ይላል። ታዲያ ቡናው ሳይፈላ አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ "ጂፒኤ ስንት ሆነ?" ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ልጅቱ ደስ ብሏት ትናገራለች። ካልሆነም "ደህና ነው" ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ወሬውም በዚያው ያበቃል። ዘጠኝና ዐሥር ወር ከቤቷ ርቃ የኖረች ልጅ ታሪኳ ሁሉ በአንድ ቁጥር ተጠቃለለ ማለት ነው።

ለመሆኑ ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን በእነዚያ ወራት ምን አይተውና ምን አልፈው እንደሚመጡ እናውቃለን? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት በቤተ ክርስቲያናችን ካደጉት ልጆች መካከል በ2017 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ትምህርቷን ካጠናቀቀች አንዲት እኅት ጋር ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን ተጨዋውተናል። ከሰንበት ትምህርት ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃናለች፤ ወላጆቿም ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ለሁለተኛው ቀን "ወረቀት ለሁለት ክፈይና በአንዱ በኩል ከፍ ያልሽበትን፣ በሌላው በኩል ዝቅ ያልሽበትን ጽፈሽ ነይ" አልኳት። ጽፋ መጣች። ነገር ግን አንዳንዱ ነገር በሁለቱም በኩል ተጽፎ አገኘሁት። "እትዬ፣ ይሄ የት እንደሚገባ ጠፋብኝ" አለችኝ።

ከመቶ አምስቱ

ዓመቱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 674,823 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 36,409 ብቻ ነበሩ፤ በመቶኛ ሲሰላ 5.4 መሆኑ ነው። እኅታችን ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ውጤቱ ሲሰማ እናቷ እልል አለች፤ የወጣቶች ኅብረት ኬክ አስጋገረ፤ እሑድ ዕለት በጉባኤው ፊት ተጸለየላት። ከእርሷ ጋር የተፈተኑት ሌሎች የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በዚያ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። የእነርሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ስለሆነ ለጊዜው እናቆየው።

"ያን ቀን የተደረገልኝ ጸሎት ከፍ ካልኩባቸው የመጀመሪያው ነው" ትላለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ግን ያን ቀን ነው ከዚህ በኋላ መውደቅ እንደማልችል የገባኝ" አለች። ይህኛው በወረቀቱ በሁለቱም በኩል ከተጻፉት አንዱ ነበር።

ምደባዋ አርባ ምንጭ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እርሷ ደግሞ ከዚያ በፊት ከወላጆቿ ተለይታ አንድ ሌሊት እንኳ አድራ አታውቅም። በጥቅምት ወር በአውቶቡስ ስትሄድ እናቷ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በየፌስታሉ ቋጥራ ሰጠቻት። ሙቀቱ የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ ነሳት። ሴቻ ላይ ቆማ ከታች አባያንና ጫሞን ጎን ለጎን ባየች ጊዜ ግን ስልኳን አውጥታ ለአባቷ ፎቶ ላከች። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። እስከ ዛሬ ፎቶውን ለደንበኞቻቸው እንደሚያሳዩ እናቷ እየሳቁ ነግረውኛል።

ስለ ምግብም ጠየቅኋት፤ እናት ነኝና። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው 22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ያለው በዚያው በ2017 ዓ.ም. ነው። እርሷ ግን ከካፌው ምግብ ይልቅ የምታስታውሰው የአርባ ምንጭን ሙዝ ነው።

የታኅሣሥ ትኩሳት

ዶርሙ ውስጥ ስድስት ሆነው ይኖሩ ነበር። እናቷ ከመሄዷ በፊት ደጋግመው የሚጠይቋት፣ "ከማን ጋር ይሆን የምታድሪው?" እያሉ ነበር። ጥያቄው የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። ከልጅቷ አልጋ በላይ የምትተኛው ከጎጃም የመጣች ኦርቶዶክስ ናት፤ ትይዩ ያለችው ደግሞ ከባሌ የመጣች ሙስሊም ናት።

ያ ጊዜ በአገራችን ወባ እንደ ገና የበረታበት ጊዜ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። የአዲስ አበባ ልጅ ወባን በመጽሐፍ እንጂ በሰውነቷ አታውቃትም። በታኅሣሥ ወር፣ ሚድ ፈተና ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማታ ላይ ብርድ ብርድ አላት። ሌሊት ጥርሷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የባሌዋ ልጅ ተነሥታ ግንባሯን ዳሰሰችና የራሷን ብርድ ልብስ ደረበችላት። ሳይነጋም ደግፋ ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት። በደም ምርመራው ወባ ተገኘባት፤ ኮአርተም ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ እንድትወስድ ታዘዘላት።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ልብሷን ያጠበችላት የባሌዋ ልጅ ናት። የጎጃሟ ልጅ ደግሞ የነቢያትን ጾም እየጾመች ነበር። እርሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ቆይታ፣ ከግቢ ውጭ ሄዳ የእንቁላል ሳንዱች እየገዛች ታመጣላት ነበር። "እኔ አልበላም ስል አፌ ድረስ ታጎርሰኝ ነበር፤ እጇን ትታጠብና ወደ ጸሎቷ ትሄዳለች" አለችኝ እኅታችን። ይህን ስትናገር ዐይኗ እንባ አቀረረ። ይህም በሁለቱም በኩል ተጽፏል።

ለእናቷ ግን መታመሟን አልነገረቻትም። "ከሰማች በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች" ብላ ፈራች።

1.88

ትኩሳቱ በለቀቃት በሁለተኛው ቀን የሒሳብ ሚድ ፈተና ተቀመጠች። ቁጥሮቹ በወረቀቱ ላይ ይዋኙብኝ ነበር ትላለች። የሕክምና ማስረጃ አቅርባ ሜካፕ መጠየቅ እንደምትችል አላወቀችም፤ የነገራትም ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ልጅ የምትልኩ ወላጆች ይህቺን ነገር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የታመመ ተማሪ ከፈተናው በፊት ወይም ወዲያውኑ ከክሊኒክ ወረቀት ይዞ መምህሩን ማነጋገር አለበት። ብዙ ልጆች መምህር ቢሮ ማንኳኳትን እንደ ድፍረት ስለሚቆጥሩት ዝም ብለው ይወድቃሉ።

በየካቲት ውጤት ተለጠፈ። ሒሳብ ዲ፣ ፊዚክስ ዲ፣ ሎጂክና ጂኦግራፊ ሲ፣ እንግሊዝኛ ሲ ፕላስ፣ ሳይኮሎጂ ቢ ማይነስ። በጠቅላላው 1.88 ሆነ። ከ2.00 በታች በመሆኑ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከመቶ አምስቱ መካከል ነሽ ተብሎ ኬክ የተቆረሰላት ልጅ!

ማስጠንቀቂያ መባረር አይደለም። ተማሪው ትምህርቱን ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው መንፈቅ ውጤቱን እንዲያሻሽል ይጠበቅበታል። እርሷ ግን ይህን ልዩነት አታውቀውም ነበርና ሻንጣዋን ሁለት ጊዜ አሰናድታ ሁለት ጊዜ ፈታችው።

መድረኩ

በመንፈቁ ዕረፍት ወደ ቤት መጣች። በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተማሪዎች ፕሮግራም ነበር። መሪው "እስኪ ጌታ በግቢ ያደረገላችሁን መስክሩ" አለና ማይኩን ከልጅ ወደ ልጅ አዞረ። አንዱ ኤ ማምጣቱን፣ ሌላዋ የክፍሏ አንደኛ መሆኗን ተናገሩ። እርሷ ጋ ሲደርስ "ጌታ ረድቶኛል፤ ክብር ለእርሱ ይሁን" ብላ ማይኩን አሳለፈች። ጉባኤው አጨበጨበ። ከዚያ ወጥታ በመጸዳጃ ቤት በሩን ዘግታ አለቀሰች።

"ዋሽቼ ነው ያለቀስኩት?" ብላ ጠየቀችኝ።

አልዋሸሽም አልኳት። ከወባ የተረፈች፣ በሰው አገር እኅቶች ያገኘች ልጅ ጌታ ረድቶኛል ብትል እውነቷን ነው። ችግሩ መድረኩ ላይ ለሌላው ግማሽ ታሪኳ ቦታ አለመኖሩ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ የሚሰማኝን ልናገር። ምስክርነት ከድል ብቻ የሚጀመርና በድል ብቻ የሚያልቅ ነው ብለን ልጆቻችንን እያስለመድናቸው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያደርግም። ከ150ዎቹ መዝሙራት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሙሾና ሰቆቃ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ፣ የቆሬ ልጆች መዝሙር የሆነው 88ኛው፣ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። ማንም "መጨረሻውን አስተካክለህ ጻፍ" አላለውም። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 በእስያ ሳለ የመኖር ተስፋው እንኳ እንደ ተቆረጠ ለምእመናኑ ይገልጽላቸዋል፤ ሊደብቃቸው እንዳልፈለገም ከአነጋገሩ ይታወቃል። ሐዋርያው ለቤተ ክርስቲያን የነገረውን የ19 ዓመት ልጅ ለቤተ ክርስቲያኗ መንገር ካቃታት፣ ነገሩ የልጅቷ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምን ሆነ? ወደ አርባ ምንጭ ስትመለስ ከኅብረቱ ቀረች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ አምልኮ ስለማይፈቀድ ወንጌላውያን ተማሪዎች የሚገናኙት ከግቢ ውጭ በከተማው አብያተ ክርስቲያናት ነው። ላለመሄድ ምክንያት አይጠፋም፤ አንድ ሳምንት ዝናብ፣ አንድ ሳምንት አሳይንመንት። "ሁሉም የተሳካላቸው ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ብቻ የከሸፍኩ" አለችኝ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየች። እነዚያ ሁለት ወራት በዝቅታው በኩል ብቻ ከተጻፉት ጥቂት ነገሮች መካከል ናቸው።

የፈለገቻት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ሳይሆን የሒሳብ ዎርክሺት ይዛ ላይብረሪ ድረስ መጣች። አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ "እኔ ፍሬሽ ሳለሁ ተባርሬ ነበር፤ በሪአድሚሽን ነው የተመለስኩት" አለቻት። ከዚያ ወዲያ የማስጠንቀቂያውን ደንብ አስረዳቻት፤ ወደ አማካሪ መምህሯም አብራት ሄደች። ማታ ማታ አራት ሆነው ሒሳብ ማጥናት ጀመሩ፤ የጎጃሟም ልጅ አብራቸው ነበረች። ወደ ኅብረት የተመለሰችው ማንም ሳይጠራት ነው። በሁለተኛው መንፈቅ 2.75 አመጣች፤ አማካዩም ከ2.00 በላይ ወጣ።

የአባት ማትሪክ

በሐምሌ ወር ወደ ቤት ስትመጣ ሁሉንም ለመናገር ወስና ነበር። ከእራት በኋላ፣ ታናናሾቿ ሲተኙ፣ ከታኅሣሥ ጀምራ ነገረቻቸው። እናቷ ጂፒኤውን የሰሙትም አይመስሉም። "ታመሽ ነበር? ማን አስታመመሽ? ለምን አልጠራሽኝም?" እያሉ አለቀሱ። የባሌዋንና የጎጃሟን ልጅ ስም ደጋግመው አስጠሯት፤ እንዳይረሱት። በማግስቱ ለሁለቱም ደወሉላቸው።

አባቷ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወጡ። ልጅቷ "ተቆጡብኝ" ብላ ልቧ ወደቀ። ከቆይታ በኋላ አንድ ያረጀ ፖስታ ይዘው ተመለሱ። ውስጡ የ1982 ዓ.ም. የማትሪክ ውጤታቸው ነበር፤ 1.6። ለልጆቻቸው ሁልጊዜ "ትምህርቴን ያቋረጥኩት በገንዘብ እጦት ነው" ነበር የሚሏቸው። ሚስታቸውም ብትሆን ወረቀቱን ከዚያን ቀን በፊት አይታው አታውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ ሥር ተደብቆ ኖሯል።

"አባቴ እንዲህ ሲል አላውቅም" አለችኝ፤ "'የእኔን አባት ስለፈራሁ ነው ሁለተኛ ያልተፈተንኩት' አለኝ።"

ይህንን ታሪክ እንድጽፍ የፈቀዱት እርሳቸው ናቸው። እንዲያውም "የእኔንም ጨምሪበት" ብለውኛል።

በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት መሪዎች ጋር ተነጋግረን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለውጠናል። ተማሪዎች ለዕረፍት ሲመጡ ማይክ አይዞርም። በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነው ቡና ይጠጣሉ፣ ከመጡት መካከል ከዚህ በፊት ወድቆ የተነሣ አንድ ታላቅ ሰው ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጊዜ ሁሉም ዝም ዝም ብለው ነበር። በሁለተኛው አንድ የምሕንድስና ተማሪ መናገር ጀምሮ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አላቆመም አሉ።

እኅታችን ወደ ሁለተኛ ዓመት ስትመለስ አባቷ የሻንጣዋን ዚፕ በእጃቸው ሰፍተው አጠናከሩላት። እናቷ በሶና ቆሎ ቋጠሩ፤ ዘንድሮ ግን በሦስት ፌስታል ነው። የአልጋ አጎበርም ገዝተው ከላይ አደረጉላት። አንድ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ናቸው።