ማን ይናገር? የነበረ!

ጊዜው እ.ኤ.አ ህዳር 1995፣ ቦታው እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ነው። ከ1823 ጀምሮ የቆየው የኦክስፎርድ ዩኒየን የክርክር አዳራሽ ሰው ጢም ብሎበታል። እዚህ መድረክ ላይ የአገር መሪዎችና ምሁራን ሲፈራረቁበት ኖረዋል። የዚያን ዕለት የተጋበዘው እንግዳ ግን ከቦነስ አይረስ የድሃ ሰፈር የወጣ፣ ቁመቱ አጠር፣ ደረቱ ሰፋ ያለ ኳስ ተጫዋች ነው። ዲዬጎ አርማንዶ ማራዶና!

ይሄ ሰው እኮ በ1986ቱ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ላይ በእጁ ጎል አግብቶ አገሩን ሁሉ ያስለቀሰ ነው። በ1994ቱ የአሜሪካ ዓለም ዋንጫ ደግሞ አበረታች መድኃኒት ተገኝቶበት ለ15 ወራት ታግዷል። ቅጣቱን ጨርሶ የቦካ ጁኒየርስን ማሊያ መልሶ ከለበሰ ገና ወር ቢሞላው ነው። እንግሊዞች በድንጋይ ያባርሩታል እንጂ ያጨበጭቡለታል ብሎ ማን ይገምታል? ተማሪዎቹ ግን በጭብጨባ ተቀበሉት። የዩኒቨርሲቲውን ጥቁር ካባ አለበሱት፣ ቆቡንም ደፉለት። እሱም በእናት ቋንቋው በስፓኒሽ አወጋቸው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት የጎልፍ ኳስ ቀረበችለት። እንቁላል የማታክል፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ኳስ ናት። ማራዶና በእግሩ አነሳትና ያንቀረቅባት ጀመር። በቃ! አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ማራዶና ያን ቀን ምን ምን እንደተናገረ ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የጎልፍ ኳሷን ግን የማያወራ የለም።

እንግዳ መጋበዝ የሚባለው ሥራ ምስጢሩ እዚህች ላይ ነው። ሰውየውን ማስመጣት አንድ ነገር ነው። እሱ ብቻ ያለውን፣ ሌላ ማንም የማይተካውን ነገር ማውጣት ግን ሌላ ነው።

ሁለት ወንበርና አንድ ውል

በአውሮፓ የቀድሞ ኳስ ተጫዋቾችን ለስብሰባ፣ ለኩባንያ በዓልና ለራት ግብዣ መጋበዝ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ተጫዋችን ከክለብ የሚያገናኙ ኤጀንቶች እንዳሉ ሁሉ ተናጋሪን ከመድረክ የሚያገናኙ ቢሮዎች አሉ። ጋባዡ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የታዳሚውን ብዛትና ኪሱን ይናገራል። ቢሮው ደግሞ የስም ዝርዝር ያቀርባል። ዋንጫ ያነሳ፣ ፊቱ በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ሰው የሚያስቅ ከሆነ ዋጋው ይሰቀላል።

እንግዳው ባህር ተሻግሮ የሚመጣ ከሆነማ ጣጣው ብዙ ነው። ትኬቱ በየትኛው ማዕረግ ነው? ባለቤቱ አብራው ትመጣለች ወይ? ኤርፖርት ማን ይቀበለዋል? ቪዛው የሥራ ነው የጉብኝት? ግብሩን ማን ይከፍላል? አስተርጓሚ ያስፈልጋል? ስንት ማሊያ ላይ ይፈርማል? ከስንት ሰው ጋርስ ፎቶ ይነሳል? ይሄ ሁሉ ቀድሞ በውል ላይ ካልሰፈረ የዝግጅቱ ዕለት ጭቅጭቅ ነው።

ሌላም አለ። ንግግሩ ይቀረጻል ወይስ አይቀረጽም? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ተናጋሪው ግን ማንችስተር ላይ የሚያወራውን ቀልድ ነው ሊድስ ላይም፣ ዱባይ ላይም የሚደግመው። አንዴ ተቀርጾ ከተበተነ ነገ ማን ከፍሎ ይሰማዋል? ስለዚህ አንዳንዱ ካሜራ ካየ አፉን አይከፍትም።

ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ከፊሉ ውል ሲፈረም፣ ቀሪው ከመድረኩ በፊት ይከፈላል። ጋባዥን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ገንዘቡ ሳይሆን እንግዳው በምን ሁኔታ ይመጣ ይሆን የሚለው ነው። ጆርጅ ቤስትን ማንሳት ይበቃል። ቤስት ኳስ ካቆመ በኋላ ከሮድኒ ማርሽ ጋር እንግሊዝን እየዞረ በየቲያትር ቤቱ ታሪኩን ሲያወራ ኖሯል። ስሙ ብቻውን አዳራሽ ይሞላ ነበር። በ1990 ግን በቢቢሲው የዎጋን ፕሮግራም ላይ በቀጥታ ስርጭት ሰክሮ ቀረበ። አገር ጉድ አለ። በ2005 በ59 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ያቺ ምሽት ከስሙ ጋር ተያይዛ ቀርታለች። እንግዳን ጋብዞ ከመድረኩ በፊት ያሉትን ሰዓቶች ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ኳስ ተጫዋች ሁሉ ደግሞ ንግግር አይችልም። 60 ሺህ ሰው ፊት ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ያልተንቀጠቀጠ እግር፣ 200 ሰው ፊት ማይክራፎን ሲይዝ ሊብረከረክ ይችላል። ጎበዝ ጋባዥ ይሄን ስለሚያውቅ መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር ያስቀምጣል። በአንደኛው እንግዳው፣ በሌላው ጨዋታ የሚያውቅ ጠያቂ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላማ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ይፈስሳል።

የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩልም ይህን ገብቶታል። ፕሮፌሰር አኒታ ኤልበርስ በ2012 ስለ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን የአመራር ዘዴ ጥናት ሲያዘጋጁ፣ የስኮትላንዱን አሰልጣኝ የጠየቋቸው የመጽሐፍ ቲዎሪ አልነበረም። የጠየቋቸው በኦልድትራፎርድ ስለኖሩት ኑሮ ነው። በእረፍት ሰዓት ለተጫዋች ምን ይባላል? አንድ ኮከብ መቼ ይሰናበታል? በ2013 በ13ኛ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫቸው ጡረታ የወጡት ፈርጉሰን በ2014 በዚያው ትምህርት ቤት ለሥራ አስኪያጆች በሚሰጠው ሥልጠና ማስተማር ጀመሩ። የጎቫን ሰፈር ልጅ ቦስተን ድረስ ተጠርቶ ባለ ኩባንያዎችን አስተማረ ማለት ነው!

ሜዳሊያ አንዴ ይሸጣል

ፈርጉሰን ለእንጀራ ብለው አይናገሩም። ለሌሎች ግን ማይክራፎኑ እንጀራ ነበር። የእንግሊዝ ተጫዋች የሳምንት ደመወዝ እስከ 1961 ድረስ ከ20 ፓውንድ እንዳያልፍ በሊጉ ደንብ ታስሮ ኖሯል። በ1966 ዌምብሌይ ላይ ምዕራብ ጀርመንን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 ረትቶ የዓለም ዋንጫን ያነሳው ቡድን ሽልማቱ 22 ሺህ ፓውንድ ነበር። 22ቱ ተጫዋቾች እኩል ተካፈሉት፤ ለአንዱ 1 ሺህ ደረሰው። ዛሬ የፕሪሚየር ሊግ ኮከብ ይህን ገንዘብ በሰዓታት ውስጥ ያገኘዋል።

ከዚያስ? የግራ ተመላላሹ ሬይ ዊልሰን ቀብር አስፈጻሚ ሆነ። በፍጻሜው ሃትሪክ የሠራው ጂኦፍ ኸርስት ለዓመታት ኢንሹራንስ ሸጠ። በረኛው ጎርደን ባንክስ፣ ጆርጅ ኮኸን፣ አላን ቦል፣ ኖቢ ስታይልስ... የዓለም ዋንጫ ሜዳሊያቸውን ለገበያ አወጡት። የስታይልስን በ2010 የገዛው የቀድሞ ክለቡ ማንችስተር ዩናይትድ ነው።

ሜዳሊያ አንዴ ከተሸጠ አለቀ። ታሪክ ግን በየምሽቱ ቢሸጥ አያልቅም። ስለዚህ እነ ጃክ ቻርልተንና እነ ስታይልስ በየክለቡ አዳራሽ፣ በየሆቴሉ የራት ግብዣ ላይ እየተጠሩ ያወሩ ጀመር። ራት ይበላል፣ የተፈረመበት ማሊያ ለጨረታ ይቀርባል፣ ከዚያ አዛውንቱ ብድግ ብሎ ስለዚያች የሐምሌ ቀን ይተርካል። ስታይልስ በአንድ እጁ ዋንጫውን፣ በሌላው ሰው ሠራሽ ጥርሱን ይዞ ዌምብሌይ ላይ የጨፈረ ሰው ነው። ይሄን ከራሱ አፍ መስማትና ከጋዜጣ ማንበብ አንድ ነው እንዴ?

ጂሚ ግሪቭስም አለ። በምድብ ጨዋታ ተጎድቶ ቦታውን ለኸርስት የለቀቀ፣ ፍጻሜውን ከሜዳ ውጭ ሆኖ ያየ ታላቅ ጎል አዳኝ! በኋላ መጠጥ ጥሎት ነበር። የተነሳው በምላሱ ነው። በቴሌቪዥን ከኢያን ሴንት ጆን ጋር አገሩን ሲያስቅ ቆይቶ፣ እስከ 2015ቱ ከባድ የስትሮክ ሕመም ድረስ በየመድረኩ ተመልካች ሰብስቧል። ዋንጫ ያላነሳው ሰው እንኳ ታሪክ ነበረው።

ኸርስት በባኩ

ኸርስትን በሄደበት አገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። “ኳሷ መስመሩን አልፋለች ወይስ አላለፈችም?” በ101ኛው ደቂቃ የመታት ኳስ አግዳሚውን ነክታ ወደ መሬት ወረደች። ስዊዘርላንዳዊው ዳኛ ጎትፍሪድ ዲንስት ግራ ተጋብተው ወደ መስመር ዳኛው ሮጡ። መስመር ዳኛው ጎል ነው አሉ። እንግሊዞች “የሩሲያው መስመር ዳኛ” እያሉ ሲያወድሷቸው ኖረዋል፤ ጀርመኖች ደግሞ ሲረግሟቸው። ሰውየው ግን ሩሲያዊ አልነበሩም። ቶፊቅ ባህራሞቭ የአዘርባጃን ሰው ናቸው።

ባህራሞቭ በ1993 አረፉ። አዘርባጃኖች ብሔራዊ ስታዲየማቸውን በስማቸው ሰየሙላቸው። ጥቅምት 2004 እንግሊዝ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ባኩ ስትሄድ ደግሞ ሐውልታቸው ተመረቀ። በምረቃው ላይ እነ ሴፕ ብላተርና እነ ሚሼል ፕላቲኒ ነበሩ። ከሁሉም የበለጠው እንግዳ ግን ኸርስት ነበር። ባንዲራቸውን ያነሱለት ሰው ሐውልት ሥር ባለ ጎሉ ራሱ ቆመ! ጋባዥ ማለት እንዲህ ነው። የትኛው እንግዳ ለየትኛው ታሪክ እንደሚገባ ያወቁ ሰዎች ናቸው።

ትዝታ ሲከዳ

የዚህ ገበያ ዕቃ ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ይከዳል። ዊልሰን፣ ፒተርስ፣ ስታይልስ፣ ሁለቱ ቻርልተን ወንድማማቾች... ከ11ዱ አምስቱ በእርጅናቸው የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ስታይልስ በ2020 ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ አንጎሉን ለምርምር ሰጠ። ኳስ ደጋግሞ በጭንቅላት ከመምታት ጋር የሚያያዝ ጉዳት ተገኘበት። በትዝታው ሕዝብን ሲያዝናና የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ ያቺን ቀን ራሱ ረሳት። ኸርስትም ሲሞት አንጎሉ ለምርምር እንዲውል ፈቃደኛ መሆኑን ተናግሯል።

ጥቅምት 2023 ሰር ቦቢ ቻርልተን ሲያርፍ በፍጻሜው ከተሰለፉት 11 ተጫዋቾች በሕይወት የቀረው ኸርስት ብቻ ሆነ። በ2024 የስንብት ዙር ብሎ በእንግሊዝ ቲያትር ቤቶች ተዘዋወረ። ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ገባ። የሄደው አዲስ ነገር ለመስማት አልነበረም፤ ሁሉም ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። ሰዎቹ የሄዱት ከነበረበት ሰው አፍ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሰሙት ነው።

የኛስ 4ለ2?

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ዌምብሌይ ከመድረሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ኢትዮጵያ በሜዳዋ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫወተች። ተጋጣሚዋ ግብጽ ነበረች። ሁለት ጊዜ ተመራች፤ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባት። በጭማሪ ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመሩ። ውጤቱ 4ለ2። እንደ እንግሊዝ በሜዳዋ፣ እንደ እንግሊዝ በጭማሪ ሰዓት! ሦስተኛዋ ጎል የተቆጠረችበትን ደቂቃ የሚያይ ሰውማ ይደነግጣል። 101ኛው ደቂቃ! ልክ እንደ ኸርስት።

ያን ቡድን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1987 እ.ኤ.አ አረፉ። ጋሽ መንግሥቱ በ2010። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበሉት ሉቻኖ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥተው ኑሯቸውን ጣልያን አደረጉ። ትዝታቸውን በጣልያንኛ መጽሐፍ አሰፈሩና በ2022 ሮም ውስጥ አረፉ።

አዲስ አበባ የስብሰባ ከተማ ናት። ለመድረኩ እንግዳ ከውጭ ሲጠራ ትኬት ይቆረጣል፣ ሆቴል ይያዛል፣ አበባ ይበረከታል። ይምጣ፤ ደግ ነው። ኳስ አፍቃሪውም የአውሮፓ ኮከብ በዓይኑ ቢያይ ደስ ይለዋል። ከእንግዳው ጎን ግን አንድ ሁለተኛ ወንበር አለች። በዚያች ወንበር ላይ የአገር ቤት አዛውንት ቢቀመጥስ? ያን ቀን በልጅነታቸው ስታዲየም ገብተው የጮኹት እንኳ ዛሬ ሰማንያ ዓመትን እየተጠጉ፣ አንዳንዶቹም እያለፉ ነው። ለእነሱ የአውሮፕላን ትኬትም ቪዛም አያስፈልግም። ታክሲ ይበቃል።

ኸርስት ስለ እሱ 101ኛ ደቂቃ ባኩ ድረስ ተጠርቷል። የአዲስ አበባዋን 101ኛ ደቂቃስ ማን ይናገር?

የነበረ። ሳይረፍድ።